ሙዚቃ ቆራጩ ጋቻንጃ

በየቤተሰቡ አንድ ቆራጭ አለ። ቆራጥ አይደለም፣ ቆራጭ ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ፊደል ይምሰል እንጂ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ቆራጥ ሰው አንዴ ይወስናል፣ ይሄዳል፣ አይመለስም። ቆራጭ ግን ወስኖ፣ በር ወርውሮ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንተዋወቅም!» ብሎ ይሄድና ማክሰኞ ይመለሳል። ከሥጋ ሻጩ ጋር ለዘለዓለም ይጣላል፤ ቅዳሜ አንድ ኪሎ ከነአጥንቱ ከእሱው ይገዛል። ከቁጠባ ማኅበሩ በቃለ ጉባኤ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ወንበር ይደረድራል። ብዙ ሰው ይህ ጠባይ ከስልክ ጋር የመጣ ይመስለዋል። ተሳስቷል። ስልክ ያደረገው ነገር ቢኖር ከጥንት ጀምሮ ለነበረው ቆራጭ የሚጫነው አዝራር ማበጀት ብቻ ነው።

ይህን ዓይነቱን ሰው በሚገባ ማጥናት የሚፈልግ ካለ፣ ካራቲና ወደምትባለው ከተማ ሄዶ የተከበሩ ሚስተር ጋቻንጃን ማየት ይበቃዋል። ካራቲና ከራቀበት ደግሞ ወደ ቲካ ከተማ ይውረድና ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የሴቶች ፀጉር ቤት ጎራ ብሎ ልጃቸውን ሙጉሬን ይጠይቅ። ሙጉሬ ስለ ቆራጮች የማታውቀው የለም። ለማስረዳት ደክሟት ነው እንጂ።

የተከበሩ ጋቻንጃ ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማው ውሃ ቢሮ ሠርተዋል። ሥራቸው ውሃ መቁረጥ ነበር። ሒሳቡን ያልከፈለ ሰው ደጅ ይሄዳሉ፣ ቆጣሪው አጠገብ ይንበረከካሉ፣ መፍቻቸውን ያወጣሉ፣ ቀጭ! ሲከፈል ደግሞ ይመለሱና ይቀጥላሉ። የቆረጠው እጅ ነው የሚቀጥለው። ከዚህ ሥራ አንድ ፍልስፍና ይዘው ወጡ፤ እሱንም በሠርግም በለቅሶም ይናገሩታል፦ «ቁረጥ፣ ይመጣሉ።» ለምኖ ያስመጣ የለም፣ ጽፎ ያስመጣ የለም፣ ቆርጦ ያላስመጣ ግን የለም ባይ ናቸው።

ችግሩ ጡረታ ሲወጡ የሚቆረጥ ነገር ጠፋ። ባለቤታቸውም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ዐርፈው ስለነበር፣ ቤቱ ውስጥ የሚጣሉት ሰው እንኳ አልነበረም። መጀመሪያ ጋዜጣቸውን ቆረጡ። ቀጥለው የቤተሰቡን የዋትሳፕ ቡድን ዐሥራ አንድ ጊዜ ለቀው ወጡ። «ጋቻንጃ ቡድኑን ለቀዋል» የምትለው ግራጫ ጽሑፍ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ እንደ «እንዴት አደራችሁ» ነበረች፤ ማንም ቆሞ አያነባትም፣ ከልጆቹ አንዱ ብቻ እያዛጋ መልሶ ያስገባቸዋል።

የሙዚቃውን ነገር ያመጣችው ራሷ ሙጉሬ ናት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። አባቷ ብቻቸውን ባዶ ቤት ከሚቀመጡ ዘፈን ይስሙ ብላ አሰበች። በስልክ የሚሰማውን ሙዚቃ በቤተሰብ ጥቅል መግዛት ይቻላል፤ አንድ ሰው ዋና ይሆናል፣ ሌሎቹ በእሱ ሥር ይገባሉ። ሞምባሳ ወደብ ላይ የሚሠራው ወንድሟ ሙሪዩኪ ተስማማ። ዶሃ ያለው ታናሽየው ጊታሂም ተስማማ። ዋናው ማን ይሁን ሲባል፣ ለአክብሮት ያህል፣ አባታችን ይሁኑ ተባለ።

በማግስቱ የሙጉሬ ስልክ ጮኸ።

«እማዬ! ሥራ አስኪያጅ አደረጉኝ!»

«ማን ነው ያደረግዎት?»

«የሙዚቃ ድርጅቱ ነዋ! ተጽፏል። ‹የቤተሰብ ሥራ አስኪያጅ› ይላል፣ ከስሜ ሥር። ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ቢሮ ስንበረከክ ምክትል ረዳት እንኳ ያለኝ የለም። እነዚህ ግን ባወቁኝ በአንድ ቀን!»

እዚህ ላይ «እማዬ» የምትለዋን ቃል መግለጽ ይገባል፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው እሷ ላይ ነውና። በነሙጉሬ ወገን የመጀመሪያ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትወስዳለች። ስሙን የወሰደች ወንበሩንም ትወስዳለች። ስለዚህ ጋቻንጃ ልጃቸውን ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ «እማዬ» ነው የሚሏት፤ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለችም ከረሜላ ሲሰጧት «እንኪ እማዬ» ይሉ ነበር። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሥልጣን ነው። በቤቱ ውስጥ ጋቻንጃን ደፍሮ የሚቆጣ ሰው ሙጉሬ ብቻ ናት። እንደ ልጅ ስታናግራቸው «አባዬ፣ እርስዎ» ትላለች። ሲብስባት ግን አያቷ ከመቃብር ተነሥተው በአፏ ይገቡና «አንተ ጋቻንጃ!» ትላቸዋለች። ያኔ የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ወዲያው ይታዘዛሉ።

ሹመቱ በተሰጠ በሁለተኛው ወር የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረጡ። ምክንያቱ፣ አፑ «ለእርስዎ የተመረጡ» ብሎ ለእንቅልፍ የሚረዱ ዜማዎችን ማቅረቡ ነበር። «ሽማግሌ ነው፣ ይተኛ ማለታቸው ነው» አሉ። ሁለተኛ ጊዜ የቆረጡት፣ ጎደሬያቸውን ሲኮተኩቱ ስልኩ «አሁንም እያዳመጡ ነው?» ብሎ ስለጠየቃቸው ነው። «ሞቷል ብለው ነው! በሕይወት መኖሬን እያጣሩ ነው!» ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ድርጅቱ ለደንበኞቹ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ አንድ የድሮ የጊታር ዘፈን ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ መስማታቸውን በሚያምር ቀለም አሸብርቆ ላከላቸው። «ማን ቁጠሩልኝ አላቸው?» ብለው ሰፈሩን ቀወጡት። «እኔን ነው የሚቆጥሩት? ቆጣሪ አንባቢው እኔ!»

አሠራራቸውን ቀስ ብሎ ማየት ይገባል፤ እውነት ለመናገር ድንቅ ነው። ተራ ሰው ደንበኝነቱን ሲሰርዝ አንዲት አዝራር ይጫንና የከፈለበት ወር እስኪያልቅ መስማቱን ይቀጥላል። ጋቻንጃ ይህን አይቀበሉም። «ውሃ ተቆርጦ እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈሳል እንዴ?» ባይ ናቸው። ስለዚህ መነጽራቸውን ያደርጉና በመጀመሪያ የአባላቱን ዝርዝር ይከፍታሉ። ከዚያ ልጆቻቸውን ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ሥርዓት አለና፣ አንድ በአንድ ያስወጣሉ። ሙጉሬ ወጣች። ሙሪዩኪ ወጣ። ጊታሂ ወጣ። ሦስት ከተማ ውስጥ ሦስት ዘፈን መሐሉ ላይ ቀጥ ይላል። ዋናውን አዝራር የሚነኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አፑ በቀላሉ አይለቅም። «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። «እርግጠኛ ነኝ» ይላሉ ጮክ ብለው፣ ባዶ ቤት ውስጥ። «የሚያጧቸውን ነገሮች ይመልከቱ» ይላል። አንድም ሳይዘሉ ይመለከታሉ። «ለምን እንደሚለቁን ይንገሩን» ሲል ግን ፊታቸው ይበራል። ሌላው ሰው «ውድ ነው» የምትለዋን መስመር ነክቶ ያልፋል። እሳቸው «ሌላ ምክንያት» የሚለውን ይመርጡና «ለሚመለከተው ክፍል፤ ጉዳዩ፦ ንቀትን ይመለከታል» ብለው ይጀምራሉ። የመጻፊያው ቦታ ስለማይበቃቸው ዐረፍተ ነገራቸው መሐል ላይ ይቆረጣል። ይህም ራሱ ለሚቀጥለው መቁረጥ ምክንያት ይሆናል።

በሳምንቱ ገደማ ድርጅቱ ለወጣ ሁሉ የሚልከው መልእክት ይመጣል፦ «ናፍቀውናል፤ ይመለሱ።» ይህች መልእክት የማትደርሰው ሰው በዓለም ላይ የለም። ጋቻንጃ ግን የድርጅቱ ሰዎች ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጠረጴዛ ከበው፣ ለእሳቸው ብቻ የጻፏት ይመስላቸዋል። ለጎረቤት ያሳያሉ። «ለመኑኝ» ይላሉ። «እኔም ሰው ነኝ፣ ይቅር አልኳቸው።» ከዚያ ልጆቻቸውን ከታላቅ ወደ ታናሽ መልሰው ያስገባሉ።

አሁን ወደ ቲካ፣ ወደ ፀጉር ቤቱ እንመለስ፤ የመቁረጡ ሕመም የሚሰማው እዚያ ነውና።

ፀጉር ቤት ውስጥ ሙዚቃ ጌጥ አይደለም። ቀጭን ሹሩባ ስድስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ጣት በዜማ ነው የሚሄደው። ዘፈን ካለ ደንበኛዋ አንገቷን ትረሳለች፣ ሠሪዋ ወገቧን ትረሳለች። ዘፈን ሲቆም ሁሉም ያለውን ሕመም ያስታውሳል። ጋቻንጃ በቆረጡ ቁጥር አፑ ወደ ነፃው ዓይነት ይወርድና በየሁለት ዘፈኑ ማስታወቂያ ይለቃል። አንድ ቅዳሜ አንዲት ሙሽራ ካስኩ ሥር ተቀምጣ፣ እናቷና አክስቶቿ ከበዋት እልል እያሉ ሳለ፣ ድምፅ ማጉያው ዘፈኑን ዋጥ አድርጎ «አይጥ አስቸግሮዎታል? በአንድ ሌሊት እንገላግልዎታለን!» ብሎ ጮኸ። የሙሽራዋ እናት እስከ ዛሬ ለሙጉሬ ሰላምታ አትሰጥም።

አጠገቧ ያለውን ወንበር የያዘችው አፒዮ ከኪሱሙ የመጣች፣ እጇም ምላሷም የፈጠነ ሴት ናት። ማስታወቂያ በጀመረ ቁጥር ማበጠሪያዋን ወደ ላይ ታነሣና «ሥራ አስኪያጁ ቆረጡን!» ብላ ታውጃለች። ደንበኞቹ ሳይቀሩ ለምደውታል። «ዛሬ ደግሞ ማን ንቋቸው ነው?» ይላሉ።

ሙጉሬ ያኔ የተቀባ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ስልኳን ታነሣለች። ንግግሩን ሁለቱም በቃላቸው ያውቁታል።

«አባዬ፣ ሙዚቃው ጠፋ።»

«ቆርጬዋለሁ።»

«ለምን ቆረጡት?»

«ንቀውኛል።»

«እነማን?»

«እነሱ።»

«እነሱ እነማን ናቸው?»

«ራሳቸው ያውቁታል።»

«አባዬ፣ ሰው ጭንቅላት ላይ ቆሜያለሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አልተቀመጥኩም። እባክዎ ይመልሱት።»

«እነሱ ይምጡ መጀመሪያ።»

«አንተ ጋቻንጃ! አሁን እኔ ወደዚያ እንድመጣ ትፈልጋለህ? በዚህ ዕድሜህ ከስልክ ጋር የምትጣላው እኔ ያሳደግኩህ ልጅ ነህ? ምሳ በልተሃል? ደግሞ እኮ ሳትበላ ነው የምትቆርጠው!»

«በላሁ እማዬ።»

«ምን በላህ?»

«…ሻይ።»

«ሻይ ምግብ ነው?»

እንዲህ እያለ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ስትዘጋው ክንዷ ዝሏል፣ ጆሮዋ ግሏል፣ ደንበኛዋ ደግሞ ግማሽ ጭንቅላቷን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል።

ባለፈው ክረምት፣ ዘጠነኛው ይሁን ዐሥረኛው መቁረጥ ላይ፣ ሙጉሬ ደከማት። ተናድዳ አይደለም፤ ንዴት ጉልበት ይፈልጋል። ልክ ውሃ እንዳለቀበት ጀሪካን ባዶ ሆነች። ለወንድሟ ለሙሪዩኪ ደወለች።

«እናንተ ይኼን እንዴት ነው የምትችሉት?»

«የቱን?»

«የአባባን ሙዚቃ።»

ሙሪዩኪ ሳቀ። «አንቺ አሁንም እዚያ ውስጥ ነሽ እንዴ? እኔ ከዓመት በፊት የራሴን ገዛሁ። ጊታሂም እንደዚሁ። ስማችን ዝርዝሩ ላይ አለ እንጂ እኛ የለንም።»

«ሲቆርጡስ? አትደውሉላቸውም?»

«ምን ብለን? ሙዚቃችን እኮ አልጠፋም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንቺ እናቱ ነሻ፤ አንቺ ትችይዋለሽ።»

በዚያው ቀን፣ አፒዮ አጠገቧ ሆና፣ ሙጉሬ በፀጉር ቤቱ ስም አዲስ ደንበኝነት ገዛች። ሦስት ደቂቃ ፈጀ። አዝራሩን ስትጫን ቤተ ክርስቲያን የቀየረች ያህል ተሰማት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለች አፒዮ። «ከአባትሽ ተፋታሽ።»

«ዝም በይ አንቺ።»

«ንብረት ክፍፍሉስ? ጊታሩን ማን ወሰደ?»

ሦስት ሳምንት ያህል ዓለም ለስላሳ ሆነች። ከዚያ አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ መልእክቱ በስልኳ ብቅ አለ፦ «ከቤተሰብ ጥቅሉ ወጥተዋል።» ሙጉሬ እንደ ልማዷ ድምፅ ማጉያውን ቀና ብላ አየች። ዘፈኑ ቀጠለ። አይጥ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። አፒዮ ማበጠሪያዋን ልታነሣ ጀምራ መልሳ አወረደችው። ሙጉሬም ለመጀመሪያ ጊዜ የሹሩባዋን ጉንጉን ሳታቋርጥ ጨረሰች። ማክሰኞ አልደወለችም። ረቡዕም አልደወለችም። መደወል እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን ምን ብላ? ሙዚቃው ጠፋ ብትል ውሸት ነው፤ አልጠፋም ብትል ደግሞ ስንብት ነው። ነገ፣ ነገ እያለች፣ የሚጠብቃት ደንበኛ እየበዛባት፣ ሦስት ቀን ሄደ።

ሐሙስ ቀትር ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ ግማሹ እንደ ጎፈሬ ቆሞ ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። የፀጉር ቤት በር ማንም አያንኳኳም፤ ክፍት ነው። ሁሉም ዞር አሉ።

የተከበሩ ጋቻንጃ ቆመዋል። የእሑድ ኮታቸውን ለብሰዋል። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ አጨናንቋቸው ኖሮ ባርኔጣቸው ወደ ጎን ተጣሟል። በአንድ እጃቸው ከነአፈሩ የተነቀለ ጎደሬ የሞላበት ከረጢት ይዘዋል። አፒዮንም ደንበኛዋንም አላዩም። ሙጉሬን ብቻ፣ ልክ የሚያፈስ ቧንቧ እንደሚፈልግ ሰው፣ ከራሷ እስከ እግሯ ቀስ ብለው ተመለከቷት።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አባዬ። ምን ሆነው ነው? ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ትኩሳት አለሽ?»

«የለኝም።»

«አልወደቅሽም? ምንም?»

«ምንም አልሆንኩም። ይቀመጡ እስቲ።»

አልተቀመጡም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጡ። ያኔ ነው የሰሙት። ድምፅ ማጉያው ከመስታወቱ በላይ ሆኖ አንድ የጊታር ዘፈን ጥርት አድርጎ ይጫወታል። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ዘፈኑ እስኪያልቅ አዳመጡ። ቀጥሎ ሌላ ዘፈን መጣ። ማስታወቂያ አልመጣም። የሠላሳ አንድ ዓመት ባለሙያ ናቸው፤ የተቆረጠና ያልተቆረጠ መስመር ይለያሉ።

«ሰኞ ቆርጬ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተጣላሽኝም?»

ሙጉሬ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀና አለች።

ጋቻንጃ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በሠራሁበት በሦስተኛው ዓመት» አሉ፣ ወደ ወለሉ እያዩ፣ «ላይኛው ሰፈር የአንዲት አሮጊት ውሃ ቆረጥኩ። ኃይለኛ ሴት ነበረች። ሁልጊዜ ስቆርጥ በመጥረጊያ ነበር የምታባርረኝ። የዚያን ቀን ግን ማንም አልወጣም። ጎሽ፣ ዛሬስ ተገላገልኩ ብዬ ሄድኩ። ሁለት ቤት ካለፍኩ በኋላ እግሬ እምቢ አለኝ። ተመልሼ አንኳኳሁ። ወጥ ቤቷ ውስጥ ወድቃ ነበር፤ ሁለት ቀን ሆኗታል። ደርሰንላት ዳነች። ከዚያ ወዲህ ቆርጬ የሚጣላኝ ሰው ሳይወጣ ደጅ ለቅቄ አላውቅም። ሰው ተቆርጦበት ከጮኸ ደህና ነው። ዝም ካለ ነው የሚያስፈራው።»

«ታዲያ አይደውሉም ነበር?»

«በስልክ ማን ታሞ ያውቃል? ሁሉም ‹ደህና ነኝ› ነው የሚለው። ሰኞ ጠበቅኩ። ማክሰኞ ጠበቅኩ። ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

የባንክ ሠራተኛዋ በመስታወቱ ውስጥ አፏን ይዛ ታያለች። ሙጉሬ እጇን በጨርቁ ጠረገች፤ የጠረገችውን ደግማ ጠረገች።

«የራሴን ገዝቼ ነው አባዬ» አለች በመጨረሻ። «ሥራ እየከበደኝ… ደክሞኝ ነው።»

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙሪዩኪና ጊታሂ እንኳ መደወል ካቆሙ ዓመት አልፏቸዋል። ሥራ ይበዛባቸዋል ብዬ ነበር።» ትንሽ አሰቡ። «እነሱም ገዝተዋል ማለት ነው?»

ሙጉሬ ዝም አለች። ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«እንግዲህ» አሉ፣ ባርኔጣቸውን በጣታቸው እያዞሩ፣ «ሥራ አስኪያጁ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲቆርጥና ሲቀጥል የነበረው ራሱን ብቻ ነዋ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ጥሩ ነው። ሸክም ቀለለላችሁ። ጎደሬውን ዛሬውኑ ቀቅይው፣ ቶሎ ይበላሻል። የስምንት ሰዓቱ ማታቱ ሳያመልጠኝ…»

ወደ በሩ ዞሩ። ጀርባቸው ከኮቱ ውስጥ ጠቦ ታየ። ሙጉሬ ያንን ጀርባ አየች፣ ያበጠ እግሯን አየች፣ የሚጠብቃትን ግማሽ ጎፈሬ አየች። ዛሬ ዝም ብላ ብትሸኛቸው ዕድሜ ልኳን ዕረፍት እንደምታገኝ ታውቃለች። ይህን ዕረፍት ለዓመታት ተመኝታዋለች፤ አሁን በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያደረገ ነው።

ክንዷን ዘረጋችና ድምፅ ማጉያውን አጠፋችው።

ፀጉር ቤቱ ጭር አለ። ካስኩ ብቻ ያፏጫል።

«አንተ ጋቻንጃ!»

ሽማግሌው እግራቸው ደፉ ላይ እንዳለ ቀጥ አሉ።

«ወዴት ነው የምትሄደው? ና ወዲህ! ማን ፈቅዶልህ ነው ሙዚቃዬን የቆረጥከው? ሰኞ ጠዋት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ጭንቅላት ላይ ቆሜ! አንተን የናቀህ ስልክ ነው፣ እኔ ምን አደረግኩህ? ዐሥር ጊዜ! ዐሥር ጊዜ አስወጥተኸኛል፣ እኔ በማሕፀኔ የተሸከምኩህ! ደግሞ ይኼን ሁሉ መንገድ በባዶ ሆድህ ነው የመጣኸው፣ አይደለም? አይደለም ወይ? ተቀመጥ! ስልክህን አውጣ! አሁኑኑ፣ ዓይኔ እያየ፣ መልሰህ ታስገባኛለህ! ከእኔ በኋላ እነዚያን ሁለት ወመኔዎችም ታስገባለህ፣ ዛሬ ማታ ከእነሱ ጋር ደግሞ የምነጋገረው አለኝ!»

አፒዮ ማበጠሪያዋን ወደ ላይ አነሣች፤ የምታውጀው ግን አልመጣላትም፤ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። የባንክ ሠራተኛዋ «ኧረ ፀጉሬስ?» አለች፤ ማንም አልመለሰላትም።

ጋቻንጃ ካስኩ ሥር ያለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወጡ፣ ቀስ ብለው አደረጉ፣ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ጣታቸው ግን አዝራሩን አልነካም፤ አልቸኮሉም። ሁለት ሰዓት ሙሉ በማታቱ የታጠፈው ወገባቸው ቀና አለ፣ ከሰኞ ጀምሮ የተጨማደደው ግንባራቸው ተፈታ።

«እማዬ» አሉ፣ አንገታቸውን ወደ እሷ ሰገግ አድርገው፣ «ትንሽ ጮክ በይ። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።»